ሚዛንና ጣት፦ ለዓለት ወጪዎች የምግብ፣ የካሎሪና የክብደት አያያዝ

ዓለት የሚወጣ ሰው ከገመዱና ከጫማው በላይ የገዛ አካሉን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። «ሁለት ኪሎ ብቀንስ ያቺን መያዣ አልፋት ነበር» የሚለው ሐሳብ ከማንም የማይቀረው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ግማሹ እውነት ነው። ሁለቱ ኪሎ ከስብ ከሄዱ ይረዳሉ። ከጡንቻ ከሄዱ፣ ወይም ጅማት የሚጠገንበት ምግብ ተነፍጎ ከሄዱ ግን ሚዛኑ ሲቀንስ ጣትም አብሮ ይደክማል፤ ተከትሎ የሚመጣው የጣት ሕመም ደግሞ ለወራት ከዓለት ያስቀራል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ኪሎ ብቻውን አይታይም፤ ሁልጊዜ ከጣት ጉልበት ጋር ተነጻጽሮ ይታያል።

ስሌቱ የተሠራው በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በደብረ ሲናና በመንዝ ጓዳ ባለ ምግብ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንጀራ፣ እርጎ፣ አይብ። ከውጭ የሚመጣ ዱቄትና እንክብል አያስፈልግም።

በቅድሚያ፦ ክብደት መቀነስ የሌለበት ማን ነው?

ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማንም ሰው ለዓለት ብሎ ክብደት አይቀንስም። አጥንቱ ገና እያደገ ነው፤ የጣት አጥንት የሚያድግበት ክፍል በጭነት ብዛት የሚሰነጠቀውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትቀንስም። የወር አበባዋ የተዛባ ወይም የቀረ ሴት አትቀንስም፤ እንዲያውም መጨመር ያለባት እሷ ናት። ጣቱን ወይም ትከሻውን ተጎድቶ እያገገመ ያለ ሰው እስኪድን ይቆይ። ከምግብ ጋር የቆየ ችግር ያለበት፣ ማለትም አስቦ ራሱን የሚያስርብ ወይም ከበላ በኋላ የሚያስታውክ ሰው፣ ከዚህ በታች ያለውን የመቁጠር ሥራ ጭራሽ አይጀምር፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሌላም ወገን አለ። ኪሎውን በቁመቱ (በሜትር) ሁለት ጊዜ ሲያካፍለው ከ20 በታች የሚመጣ ሰው የሚቀንሰው ነገር የለውም። ለምሳሌ 62 ኪሎ፣ 1.70 ሜትር፦ 62 ÷ 1.70 ÷ 1.70 = 21.5። ቁጥሩ ከ20 በላይ ነው፣ ግን ብዙ ትርፍ የለም። ዓለት መውጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ የሚጎድለው በአብዛኛው የእግር አቀማመጥ ነው። እግሩን መጠቀም ቢማር ከሦስት ኪሎ መቀነስ የበለጠ ያተርፋል።

ደረጃ 1፦ ሳይነኩ ሁለት ሳምንት መመዘን

የሚያስፈልገው እስከ 100 ግራም የሚያሳይ የሰው ሚዛን፣ እስከ 1 ግራም የሚያሳይ የማዕድ ቤት ሚዛንና ደብተር ነው። የወፍጮ ቤት ሚዛን ለእህል እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የምንፈልገው ለውጥ በሳምንት 300 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ በስህተቱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። የሰው ሚዛን በምንጣፍ ወይም በአፈር ወለል ላይ ሲቀመጥ ያዛባል። ሲሚንቶ ወለል ከሌለ ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ጣውላ ከሥሩ አድርጉ፤ ቦታውን ከዚያ በኋላ አትለውጡ።

በየቀኑ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ውኃም ሳትጠጡ ተመዘኑ። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ልብስ ለማውለቅ እንደማያስደፍር ይታወቃል። ቢሆንም ጋቢና ሹራብ ደርቦ መመዘን አይሆንም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። አንድ ስስ ልብስ መርጣችሁ ሁልጊዜ እሱኑ ልበሱ።

የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይናገርም። የሰባት ቀን ድምር ለሰባት ተካፍሎ የሚመጣው አማካይ ነው የሚታየው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከስታርች (ከእህልና ከድንች ጉልበት ሰጪ ክፍል) ተሠርቶ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ክምችት በጤናማ ሰው 400 እስከ 500 ግራም ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ያ ክምችት ሲያልቅና ሲሞላ ብቻ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ሊዋዥቅ ይችላል። ጨው የበዛበት ወጥም እንዲሁ ውኃ ያስቀራል። ይህ ሁሉ ስብ አይደለም።

በነዚህ ሁለት ሳምንታት አመጋገባችሁን አትለውጡ። የበላችሁትን ብቻ መዝግቡ።

ደረጃ 2፦ የጣት ጉልበት በኪሎ

20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ጠርዝ ያስፈልጋል። ሃንግቦርድ (በጣት የሚንጠለጠሉበት የልምምድ ሰሌዳ) የሌለው ሰው ከጠንካራ እንጨት ማስጠረብ ይችላል፤ የጠርዙ ጫፍ በአሸዋ ወረቀት በደንብ ይለስልስ፣ ሹል ከሆነ የሚለካው ጉልበት ሳይሆን የቆዳ ሕመም ይሆናል። ለተጨማሪ ክብደት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካኖች እንደሚያስፈልገው መጠን ከወገብ ቀበቶ ላይ ይንጠልጠሉ፦ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ከዚህ የቀለለ ሚዛን የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሰውነትንና ጣትን አሙቁ። በሁለት እጅ፣ ጣቶቹን ግማሽ አጥፋችሁ፣ ትከሻን ወደ ታች ጠብቃችሁ 10 ሰከንድ ተንጠልጠሉ። ሦስት ደቂቃ ዕረፉ። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምሩ፣ ድገሙ። አሥሩን ሰከንድ መሙላት ያቃታችሁ ጊዜ አቁሙ፤ የመጨረሻው የሞላው ነው የሚጻፈው። የሰውነት ኪሎና የተጨመረው ተደምሮ ለሰውነት ኪሎ ይካፈላል።

ምሳሌ፦ 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ጨምሮ 10 ሰከንድ ቆየ። 76 ÷ 62 = 1.23። ከአምስት ሳምንት በኋላ 60.6 ኪሎ ሆኖ 15 ኪሎ ከጨመረ 75.6 ÷ 60.6 = 1.25 ይመጣል፤ ቅነሳው ሠርቷል። በዚያው 60.6 ኪሎ ላይ 11 ብቻ መጨመር ከቻለ ግን 71.6 ÷ 60.6 = 1.18 ነው። ይህ ሰው ቀልሏል፣ ነገር ግን ከበፊቱ የባሰ ዓለት ወጪ ሆኗል። ሚዛኑ ብቻ ቢታይ ኖሮ በሁለቱም መንገድ «ተሳካ» ይባል ነበር።

መለኪያው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይደረጋል። ጀማሪ ወይም ወጣት ከሆነ ክብደት አይጨምርም፤ እግሩን በርጩማ ላይ አሳርፎ ይለማመድ።

ደረጃ 3፦ የቀን ካሎሪ ስሌት

ዕረፍት ላይ ያለ አካል የሚያቃጥለው በዚህ ይሰላል፦ 10 × ኪሎ + 6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር − 5 × ዕድሜ። ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል።

የ27 ዓመት ወንድ፣ 62 ኪሎ፣ 170 ሴንቲ ሜትር፦ 620 + 1,062.5 − 135 + 5 = 1,550 ገደማ። የ24 ዓመት ሴት፣ 54 ኪሎ፣ 162 ሴንቲ ሜትር፦ 540 + 1,012.5 − 120 − 161 = 1,270 ገደማ።

ይህን ወንበር ላይ የሚውል ሰው በ1.4፣ በእግሩ የሚመላለስ በ1.5፣ እርሻ የሚያርስ ወይም ሸክም የሚሸከም በ1.7 ያብዛ። በ1.5 ወንዱ 2,325፣ ሴቷ 1,905 ይሆናሉ።

የመውጣቱ ጉልበት ለብቻው ይደመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓለት ላይ በተጨባጭ በተንጠለጠላችሁበት ሰዓት የሚቃጠለው በኪሎ በሰዓት 7 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ነገር ግን የሁለት ሰዓት ልምምድ ውስጥ ዓለት ላይ የሚዋለው ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የቀረው ገመድ መያዝ፣ ማረፍና ማውራት ነው። ለወንዱ 480፣ ለሴቷ 400 ካሎሪ ለአንድ ልምምድ ይበቃል። ዓለቱ ሥር ለመድረስ አንድ ሰዓት ሽቅብ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ግን ከ300 እስከ 400 ይጨምር። ከጣርማበር ዋሻ አካባቢ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው መመለሻው ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

ከዚያ ቁጥሩን ከደረጃ 1 ጋር አስተያዩ። በሁለት ሳምንት ኪሎአችሁ ካልተለወጠ የበላችሁት አማካይ ትክክለኛው ቁጥራችሁ ነው፤ ቀመሩ ሌላ ቢል እንኳ የሚታመነው ደብተሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ወለሉን ማወቅ

ከምትበሉት ላይ በስፖርት ያወጣችሁትን ስትቀንሱ የሚቀረው ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለሆርሞንና ለጅማት ጥገና ነው። የቀረው ከስብ ውጪ ላለው ክብደት ሲካፈል በኪሎ 45 ካሎሪ ገደማ ቢሆን ደህና ነው። ወለሉ 30 ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አካል ቁጠባ ውስጥ ይገባል፦ የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ እንቅልፍ ይበላሻል፣ ጉዳት አይድንም።

54 ኪሎ የምትመዝነው ሴት ከስብ ውጪ 41 ኪሎ አላት እንበል። ልምምድ ባለበት ቀን 1,500 ካሎሪ ብትበላ 1,500 − 400 = 1,100፤ 1,100 ÷ 41 = 27። 1,500 ብዙ ይመስላል፣ ከወለሉ በታች ግን ነው። በዚያ ቀን ከ1,630 በታች መውረድ የለባትም፤ የሚሻላት ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው።

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን የጉልበት እጥረት በሴትም በወንድም ላይ የሚደርስ ችግር ብሎ የዘረዘረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የዓለም አቀፉ የስፖርት ክላይምቢንግ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 ለተወዳዳሪዎቹ የጤና ምርመራ ደንብ አውጥቷል። ስፖርቱ ራሱ ችግሩን አምኖ ደንብ ካወጣለት፣ እኛም ዘንድ «ጠንካራ ሰው አይራበውም» የሚለው አነጋገር መቆም አለበት።

ደረጃ 5፦ የጓዳው ሒሳብ

በ100 ግራም፣ በግምት፦

በሶ 360 ካሎሪ፣ ፕሮቲን 10 ግራም።
የገብስ ቆሎ 360፣ ፕሮቲን 10።
የሽምብራ ቆሎ 370፣ ፕሮቲን 20።
የሽሮ ዱቄት 350፣ ፕሮቲን 20።
ደረቅ ምስር 350፣ ፕሮቲን 24።
ደረቅ ባቄላ 340፣ ፕሮቲን 25።
የጤፍ እንጀራ 160፣ ፕሮቲን 4 ወይም 5።
የተቀቀለ ድንች 85፣ ፕሮቲን 2።
ኦቾሎኒ 570፣ ፕሮቲን 25።
አይብ፣ ፕሮቲን 14፤ ስቡ ጥቂት ነው።
ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ፣ ፕሮቲን 20።
የሀገር እንቁላል፣ አንዱ 60 ካሎሪ፣ ፕሮቲን 5።
ወተት፣ አንድ ኩባያ (250 ሚሊ ሊትር) 160፣ ፕሮቲን 8።
ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120።

እንጀራ ከቤት ቤት መጠኑ ስለሚለያይ የራሳችሁን አንድ ጊዜ መዝኑ። 300 ግራም የሆነ አንድ እንጀራ 480 ካሎሪ ነው፤ ከምጣዱ ስፋት የተነሣ 400 ግራም የሚደርስም አለ።

የቀን ፕሮቲን በኪሎ 1.6 እስከ 1.8 ግራም፣ በቅነሳ ጊዜ እስከ 2 ግራም ይሁን፤ በአራት ማዕድ ይከፋፈል። ስብ በኪሎ ከ0.8 ግራም አይውረድ። የቀረው ሁሉ ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ድንች ነው፤ ልምምድ ባለበት ቀን በኪሎ 5 ግራም ስታርች፣ በዕረፍት ቀን 3 ወይም 4። ስታርችን ፈርቶ መተው ለዓለት ወጪ የሚከፋው ስህተት ነው፤ ጣት ላይ የሚቆመው አጭርና ከባድ ጥረት የሚነደው በእሱ ነው።

ዘይቱ ላይ ትንሽ እንቆይ

በሰሜን ሸዋ ማዕድ ላይ ትርፍ ካሎሪ የሚደበቀው እንጀራው ውስጥ አይደለም፣ ወጡ ውስጥ ነው። አንድ ድስት ሽሮ እንውሰድ፦ 250 ግራም ሽሮ (880 ካሎሪ)፣ 300 ግራም ሽንኩርት (120)፣ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ዘይት (960)። ድምሩ 1,960። ባዶው ድስት 900 ግራም፣ ወጡ ሲበስል ከነድስቱ 2,900 ግራም ቢመዝን ወጡ 2,000 ግራም ነው፤ አንዱ ግራም አንድ ካሎሪ ያህል፣ 150 ግራም የሚይዝ ጭልፋ 150 ካሎሪ ያህል። ከዚህ ግማሹ ዘይት ነው። ዘይቱ ሦስት ማንኪያ ቢሆን ድምሩ 1,360፣ ጭልፋው 100 ይሆናል። ሦስት ጭልፋ የሚበላ ሰው እንጀራ ሳይቀንስ፣ ሽሮ ሳይቀንስ፣ ሳይራብ ከ130 ካሎሪ በላይ ያተርፋል።

ጣዕሙ እንዳይጠፋ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አብስሉ፣ ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ቀይ እስኪሆን አቁላሉ፤ ዘይቱን ከበርበሬው ጋር መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ዘይት መጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠጣዋል፣ ወጡ ደረቅ መስሎ ስለሚታይም ሌላ ይጨመርበታል። ወጡን የሚሠሩት እናታችሁ ከሆኑ «ዘይት ቀንሺ» ብሎ ማዘዝ ሳይሆን ማባያው ቅቤ ከመግባቱ በፊት ድርሻችሁን ቀድሞ ማውጣት ይሻላል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓለት አይወጣም።

ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ መቁጠር ያስቸግራል። እንጀራውን ከመቅረቡ በፊት መዝኑ፣ ወጡን በጭልፋ ቁጠሩ፣ ጉርሻውን ተቀበሉ። ጉርሻ እምቢ እስከ ማለት የሚያደርስ ቁጥር ጤናማ ቁጥር አይደለም።

የሚጠጣውም ይቆጠራል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ በቀን አራት ጊዜ 200 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። 50 ሚሊ ሊትር ጠንካራ አረቄ 125 ገደማ ነው፤ ከልምምድ በኋላ ሲጠጣ ደግሞ እንቅልፍንና የጡንቻ ጥገናን ያበላሻል።

ደረጃ 6፦ ቅነሳው

ጊዜ ምረጡ። በእኛ አቆጣጠር የተሻለው ወቅት በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕና ዓርብ አይጾምምና እንቁላል፣ ወተትና አይብ በየቀኑ ይገኛል። ከፋሲካ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት ተዉት፤ ሆድ ከጾም ወደ ፍስክ እስኪለምድ ሚዛኑም ይዋዥቃል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አራት ወይም አምስት ሳምንት ይበቃል።

መጠኑ በሳምንት ከሰውነት ኪሎ ግማሽ በመቶ አይለፍ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሆነ ለ62 ኪሎ ሰው በቀን 300 ገደማ ማጉደል ማለት ነው። ቅነሳው ግን በሁሉም ቀን እኩል አይከፋፈል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚወጣው የቀድሞው ወንድ በልምምድ ቀን ከ2,800 ወደ 2,650፣ በዕረፍት ቀን ከ2,325 ወደ 1,925 ይውረድ። በአምስት ሳምንት 1.3 ኪሎ ገደማ ይሄዳል። ከዚህ በላይ የቸኮለ ሰው ከጡንቻው መክፈል ይጀምራል።

የሚጎድለው ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከመጠጥና ከማታው ሁለተኛ እንጀራ ይምጣ። ፕሮቲኑ አይነካ። በቅነሳ ጊዜ አዲስ ከባድ የጣት ልምምድ አትጀምሩ፤ ያለውን በመጠኑ መጠበቅ ይበቃል። በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት የደረጃ 2 መለኪያ ይደረግ። የጠቅላላው ጭነት (ሰውነትና የተጨመረው) ከ3 በመቶ በላይ ከወረደ በማግስቱ ወደ ሙሉ ምግብ ተመለሱ። ምክንያት አትፈልጉለት።

ጾም

ጾም ለክብደት መቀነሻ አልተሠራም፤ በዚያ ዓላማ መጠቀም ለነፍስም ለጣትም አይበጅም። ነገር ግን የሚጾም ዓለት ወጪ ብዙ ስለሆነ አያያዙን ማወቅ ግድ ነው።

ዋናው ደንብ፦ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ክብደት አይቀነስም፣ ባለበት ይጠበቃል። ለምን እንደሆነ ከሒሳቡ ይታያል። 62 ኪሎ ሰው በጾም ቀን 109 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ይህን መብላት አለበት፦ 100 ግራም ምስር (24)፣ 80 ግራም ሽሮ (16)፣ 80 ግራም የሽምብራ ቆሎ (16)፣ 60 ግራም ባቄላ (15)፣ 500 ግራም እንጀራ (22)፣ 40 ግራም ኦቾሎኒ (10)፣ 60 ግራም በሶ (6)። ካሎሪው ሁለት ማንኪያ ዘይት ታክሎበት 2,600 ይሆናል። ካሎሪውን ቀንሱ ሲባል ፕሮቲኑ አብሮ ይወድቃል። የሚረዳ አንድ መላ አለ፦ የሽሮው ዱቄት ሲዘጋጅ ከአምስት እጅ አንዱ የተቆላ አኩሪ አተር ይሁን፤ ፕሮቲኑ ከሽሮ ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚጠጋ ወጡ ሳይለወጥ ድርሻው ይጨምራል። ዓሣ የሚበላና የማይበላ አለ፤ ያ ከንስሐ አባት ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባድ ልምምዱን ቅዳሜና እሑድ ያድርግ፤ በነዚህ ቀናት ጠዋት ይበላልና። በሥራ ቀን ከሆነ 9 ሰዓት ላይ ውኃና በሶ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ልምምድ፣ ማታ ሙሉ ማዕድ። ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ገመድ አይያዝ። የሚፈራው ድካሙ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሕይወት በእጁ ሆኖ ትኩረቱ ይላላል።

ዓመቱን ሙሉ አጽዋማትን የሚጾምና በፍስክም ጊዜ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማይቀምስ ሰው የቫይታሚን ቢ12 እና የብረት ምርመራ ያድርግ። የጥራጥሬ ብረት ከሎሚ፣ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር ሲበላ ይበልጥ ይገባል፤ ቡናና ሻይ ወዲያው ሲከተሉት ይታገዳል። ቡናውን አንድ ሰዓት አቆዩት። ወርሃዊ ደም ለሚፈሳቸው ሴቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዓለት ቀን ስንቅ

ማታውን ጥራጥሬ በደንብ ይበላ። ጠዋት ግን ባቄላና ሽሮ አይሁን፤ ሆድ ይነፋል፣ ቀበቶው ሲጠብቅ ያስጨንቃል።

ከመውጣት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ከ80 ግራም የተከካ ገብስ ወይም ስንዴ የተሠራ ቂንጬ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ በፍስክ ሁለት እንቁላል። ከግማሽ ሊትር ውኃ ጋር።

ዓለት ሥር በየ45 ደቂቃው ትንሽ ነገር፦ አንድ ሙዝ፣ ወይም አራት ተምር፣ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ (40 ግራም ገደማ)። ቆሎ አፍ ስለሚያደርቅ ያለ ውኃ አይሁን። በሶ ብጥብጥ ከሁሉም ይቀላል፦ 50 ግራም በሶ፣ 20 ግራም ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ 400 ሚሊ ሊትር ውኃ፤ 240 ካሎሪ። በሶው በጥቂት ውኃ መጀመሪያ ይላቆጥ፣ ሁሉም ውኃ አንዴ ከገባ ይጓጉላል።

ለጓሳ ዓይነት ከ3,200 ሜትር በላይ ለሆነ ብርዳም ቦታ ጭኮ አቻ የለውም። 300 ግራም በሶ፣ 100 ግራም የተነጠረ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለጣዕም በርበሬ፤ ቅቤው ሞቅ ብሎ ይፍሰስ፣ ታሽቶ ስምንት ቦታ ይከፈል። አንዱ 245 ካሎሪ ነው። ከከባድ መውጣት በፊት ግን አትብሉት፤ ስቡ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጉልበቱ ሲፈለግ አይደርስም። በመንገድና በመመለሻ ነው ጊዜው። በጾም ቅቤው በ120 ግራም የለውዝ ቅቤና በ60 ግራም ማር ይተካ።

ከቆላ ወይም ከውጭ ወደዚህ ከፍታ የሚመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ያንን እንደ መልካም አጋጣሚ አይቶ መራብ ስህተት ነው፤ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ደጋግሞ ይብላ።

ሲመለሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ከእንጀራ ጋር፦ ለምሳሌ ምስር ወጥና አይብ።

የሚበላሹ ነገሮችና ምክንያታቸው

*ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካዩ አልወረደም።* አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ አልተቆጠረም፣ ወይም ቆሎው በእፍኝ እየተዘገነ ነው። ሦስት ቀን ሁሉንም መዝኑ። ትክክል ከሆነ 100 ካሎሪ ብቻ ቀንሱ፤ ወለሉን ግን አትለፉ።

*በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ወረደ።* ውኃ ነው። ደስ አይበላችሁ፣ ስታርች ጨምሩ።

*ከበዓል በኋላ ሁለት ኪሎ ጨመረ።* ይህም ባብዛኛው ውኃ፣ ጨውና አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው። እንደወትሮው ብሉ፣ በአራት በአምስት ቀን ይመለሳል። በማግስቱ መራብ ነው ስህተቱ።

*ጣት መገጣጠሚያው ላይ የሚያም ነገር መጣ፣ አሮጌ ጉዳት አገረሸ።* ቅነሳው ዛሬ ይቁም። ጅማት ቀስ ብሎ ነው የሚጠገነው፣ ያለ ምግብ ደግሞ ጭራሽ አይጠገንም።

*ብርዱ ከጓደኞቻችሁ ይልቅ እናንተን ይለያል፣ ሌሊት ትነቃላችሁ፣ ሐሳባችሁ ሁሉ ምግብ ሆኗል፣ ወንድ ከሆናችሁ ፍትወት ጠፍቷል፣ ሴት ከሆናችሁ የወር አበባ ዘግይቷል።* ደብረ ብርሃን ሁሉንም ሰው ስለሚበርደው የመጀመሪያው ምልክት በቀላሉ ይታለፋል፤ ለዚህ ነው ራስን ከጓደኛ ጋር ማነጻጸር የሚያሻው። ከነዚህ ሁለቱ ከታዩ ቅነሳው ያበቃል። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

ደረጃ 7፦ መመለስ

አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ በየሳምንቱ በቀን 150 ካሎሪ እየጨመራችሁ ወደ ሙሉው ቁጥር ተመለሱ። ጭማሪው መጀመሪያ ስታርች ይሁን። ሚዛኑ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይወጣል፤ የጡንቻው ክምችት ሞልቶ ነው፣ ጣት ላይም ወዲያው ይሰማል። ከባዱን መንገድ ለመሞከር የሚሻለው ሳምንት ቅነሳው ያለቀበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው። ያን ጊዜ የጣቱን መለኪያ ድገሙ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉት። ሌላ ዙር ቅነሳ ከስድስት ወር በፊት አይጀመርም፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ደግሞ ሌላ ዙር አያስፈልግም፣ የቀረው ሥራ እግር ላይ ነው።